ሌሊትህንም ጻፍልኝ

የእህቴ ልጅ፣ በስልክ የላክኸውን የደብተርህን ፎቶ መነጽሬን ቀይሬ አየሁት። የበላኸውን አንድ ሳታስቀር ጽፈሃል፤ ግማሽ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ስኳር የሌለው ሻይ። በኪኒኑ ዓምድ ላይም ምልክት የጎደለበት ቀን የለም። እጅህ ይባረክ፤ በስኳር ክትትል ክፍል ስሠራ በነበርኩበት ጊዜ እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ታካሚ በጣት የሚቆጠር ነበር። ቁጥሮቹን ከላይ ወደ ታች ስከተላቸው ግን አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። ቀን ፈረቃ በገባህባቸው ሳምንታት ጠዋት የምትለካው 130 እና 140 ነው። ሌሊት ፈረቃ በገባህባቸው ሳምንታት ደግሞ ያው ግማሽ እንጀራ፣ ያው ኪኒን ሆኖ ስኳሩ 190፣ አንዳንዴም ከ200 በላይ። ከግርጌው «እንጀራ ጨርሶ ላቁም?» ብለህ ጠይቀሃል። ጤፉ ምን አደረገህ! በደብተርህ ላይ ቦታ ያላገኘው እንቅልፍህ ነው።

በክትትል ክፍል ወረፋው ያጣድፋል። ስለ መድኃኒት፣ ስለ ምግብ፣ ስለ እግር ቁስል ተጠይቆ እንቅልፍ ላይ ሳይደረስ የሚቀጥለው ሰው ካርድ ይጠራል። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ ጊዜው አለኝ፣ ስኳሩም ከወንድሞቼ ለእኔ ተርፎልኛል። ስለዚህ የምለውን በቁጥር እየለየሁ እጽፍልሃለሁ። ሁሉንም ባንድ ቀን ልፈጽም አትበል።

1. እንቅልፍን ከመድኃኒትህ ጋር ቁጠረው

በእኛ ዘንድ እንቅልፍ የሰነፍ ነገር ተደርጎ ይታያል። ጎበዝ የሚባለው አራት ሰዓት ተኝቶ የሚነሳው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ እነ ኢቭ ቫን ካውተር 11 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለ6 ሌሊት በየሌሊቱ 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ አደረጉ። ከዚያ በደም ሥራቸው ግሉኮስ ሰጥተው ሲለኩ፣ ስኳሩ ከደማቸው የሚጸዳበት ፍጥነት እንቅልፍ ከጠገቡበት ጊዜ በ40 በመቶ ያህል ቀንሶ አገኙት። ልብ በል፤ እነዚህ ልጆች ስኳር የለባቸውም፣ ውፍረት የለባቸውም። በኔዘርላንድ ላይደን ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት አለ፤ ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸው 7 ሰዎች አንዲት ሌሊት ብቻ 4 ሰዓት ተኝተው ሲነሱ ያው የሚወስዱት ኢንሱሊን ጉልበቱ ቀንሶ ተገኘ። በአንዲት ሌሊት!

ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ሰዎቹ በጣት ይቆጠራሉ። ግን እየተደጋገሙ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚጠቁሙ ትልልቆቹ ማኅበራትም ጆሮ ሰጥተዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካና የአውሮፓ የስኳር ሕመም ማኅበራት በጋራ ባወጡት መመሪያ እንቅልፍ ከምግብና ከእንቅስቃሴ ጎን ተቀምጧል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የልብ ማኅበርም ለልብ ጤና ከሚቆጥራቸው ነገሮች መካከል አስገብቶታል።

እንቅልፍ ስኳርን ያድናል አላልኩህም። ሜትፎርሚንህን ትተህ ብትተኛ ስኳርህን ይዘህ ትነሳለህ። የምልህ ጠዋት ላይ ቁጥሩ ሲያስደነግጥህ እራትህን ከመክሰስህ በፊት ሌሊትህን ጠይቀው ነው። ለአንድ አዋቂ ሰው ከ7 እስከ 9 ሰዓት ይመከራል። ከዚያ አብዝቶ መተኛትም ከስኳር ከፍታ ጋር አብሮ ሲገኝ ታይቷል፤ ሁልጊዜ 10 ሰዓት ተኝቶ የማይጠግብ ሰው ሌላ የተደበቀ ሕመም ወይም ድብርት እንዳለበት መታየት አለበት።

2. ሌሊት በሰውነትህ ውስጥ ምን እንደሚሆን እወቅ

ከተኛህ በኋላ ምግብ አይገባም፤ አንጎልህ ግን ስኳር መፈለጉን አያቆምም። የሚያቀርብለት ጉበትህ ነው። ጉበት እንደ ጎተራ ነው፤ ቀን የከተተውን ሌሊት ቆንጠር ቆንጠር እያደረገ ያወጣል፣ «ይበቃል» የሚለው ጠባቂ ደግሞ ኢንሱሊን ነው። እንቅልፍ ስታጣ ሰውነትህ አደጋ የመጣ ይመስለዋል። ማታ ዝቅ ማለት የነበረበት ኮርቲሶል ከፍ ብሎ ያመሻል፣ አድሬናሊንም ይነሳሳል። ሁለቱም ጉበትን «አውጣ፣ ልንሮጥ ነው» ይሉታል። ጡንቻህና ስብህ በበኩላቸው ለኢንሱሊን መታዘዝ ይቀንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 እነዚያው የቺካጎ ሰዎች ለ4 ሌሊት 4 ሰዓት ተኩል ብቻ ከተኙ ወጣቶች ሆድ ላይ ጥቂት ስብ ወስደው ቢመረምሩ፣ የስቡ ሕዋስ ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ በ30 በመቶ ያህል ወርዶ ነበር። ጤነኛ ቆሽት ይህን ጉድለት ኢንሱሊን ጨምሮ ይሸፍነዋል። የእኔና የአንተ ግን መጨመሪያው ስለደከመ ጉድለቱ በማሽኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ሰዓቱ መሙላቱ ብቻም አይበቃም። በሌላ ጥናት 9 ወጣቶች ተኝተው ሳለ፣ ወደ ጥልቁ እንቅልፍ ሊገቡ ሲሉ የማያነቃ ድምፅ እየተሰማባቸው እንዲያድሩ ተደረገ። የተኙበት ሰዓት አልቀነሰም፤ ጥልቁ እንቅልፍ ብቻ ተነጠቁ። ከ3 ሌሊት በኋላ የኢንሱሊን ሥራቸው በ25 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር። ስለዚህ «ስምንት ሰዓት ተኝቼ ለምን ደከመኝ» የሚለው ሰው አያሾፍም። አንተ ቀን ስትተኛ በር ላይ ያለው ብየዳ ቤት፣ የጎረቤቱ ጄኔሬተር፣ «ቆራሌው» ሲጮኽ ባትነቃም እንቅልፍህን ይሸራርፉታል። በፋርማሲ የሚሸጠው ትንሽ የጆሮ መድፈኛ ከብዙ ነገር ይሻልሃል። ከሌለ ጥጥ ቢሆንም ግድ የለም፤ ጠልቆ እንዳይቀር ግን ጠቅለል አድርገው።

3. ያለህን ስትሪፕ በብልሃት አውጣው

የመለኪያው ስትሪፕ ዋጋ ስንት እንደደረሰ አውቃለሁ፤ እንዲያውም የሚጠፋበት ጊዜ አለ። በየቀኑ አራት ጊዜ ለካ ብዬ አላሾፍብህም። ግን ጠዋት ጠዋት ብቻ የምትለካ ከሆነ መጨረሻውን እንጂ መንገዱን አታይም። የቀን ፈረቃ ሳምንትህ ላይ ሁለት ሌሊት ምረጥ። ልትተኛ ስትል ለካ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በማንቂያ ተነስተህ ለካ፣ ስትነሳ ለካ። ስድስት ስትሪፕ ነው፤ ሁለት ሳምንት በጭፍን ከሚወጣው የበለጠ ይነግርሃል።

ንባቡ እንዲህ ነው። ስትተኛ 200 ከነበረና እስኪነጋ እዚያው ከቆየ ጥፋቱ የእራቱ ወይም የማታው መድኃኒት ማነስ ነው። ስትተኛ 130፣ በ9 ሰዓት 130፣ ስትነሳ 175 ከሆነ የንጋት ስኳር ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ እስከ ጠዋት 2 ሰዓት ድረስ ሰውነት ለመንቃት ሲዘጋጅ የእድገት ሆርሞንና ኮርቲሶል ጉበትን ይቀሰቅሱታል። ይህ በማንም ሰው ላይ የሚሆን ነው፤ የእኛ ቆሽት ስለማይመልሰው ብቻ ይታያል። በ9 ሰዓት ላይ 65 ካገኘህ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መድኃኒቱ ሌሊት እየበዛብህ ነው፣ እዚያው የሚበላ ነገር ውሰድ፣ ቀጠሮህንም ሳትጠብቅ ሄደህ ተናገር።

በእኛ ትምህርት ጊዜ «ሌሊት ስኳር ከወረደ ሰውነት ተገላብጦ ጠዋት ያንረዋል» ይባል ነበር፤ ጠዋት ከፍ ያለበት ሰው ሁሉ ሌሊት ወርዶበት ነው እየተባለ መድኃኒት ይቀነስ ነበር። በቆዳ ላይ ተለጥፎ ሌት ተቀን የሚለካው መሣሪያ ከመጣ በኋላ ሲታይ ግን ሌሊት የወረደበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጠዋትም ዝቅ እንዳለ ነው የሚነሳው። ስለዚህ በግምት አትሂድ፤ በ9 ሰዓት ለካና እወቀው።

4. ስኳሩም በተራው እንቅልፍህን ይሰርቃል

የደም ስኳር ከ180 አካባቢ ሲያልፍ ኩላሊት መያዝ ያቅተውና ወደ ሽንት ይለቀዋል፤ ስኳሩ ውሃውን ይዞት ይወጣል። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ የሚነሳ ሰው ሻዩን ይወቅሳል፣ ብርዱን ይወቅሳል። ውሃ መጠጣቱን እንዳታቆም፤ ያን ጊዜ ሰውነትህ ይደርቃል። ከፍ ያለው ስኳር ራሱ ሲወርድ ምልልሱ ይቀንሳል። ስኳሩ ተስተካክሎም ሽንት ሌሊት የሚያስነሳህ ከሆነ ሌላ ምክንያት ይፈለግ።

ሁለተኛው ሌባ እግር ነው። ቀን ሥራ ላይ የማይታወቅ ማቃጠል፣ መውጋት፣ ጉንዳን የወረረው የሚመስል ስሜት አልጋ ላይ ሲወጡ ይነሳል። አንሶላው ሲነካቸው የሚያማቸው ታካሚዎች ነበሩኝ፤ «ብርድ ነው» እያሉ እግራቸውን በፍም አጠገብ ያሞቃሉ፣ የደነዘዘ እግር ደግሞ መቃጠሉን አይናገርም። እባክህ ከፍምና ከጋለ ውሃ ራቅ። ይህ የነርቭ ጉዳት ነው፤ ለሕመሙ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፣ ለሐኪሙ ግን ካልነገርከው በመልክህ አያውቀውም።

5. ሌሊት ስኳር ሲወርድ

ይህን ለሚስትህም አንብብላት፤ ያን ጊዜ የምትደርስልህ እሷ ናት።

ከሜትፎርሚን ጋር የምትወስደው ግሊበንክላማይድ ቆሽትን እያስገደደ ኢንሱሊን የሚያስወጣ ነው፤ ሥራው ረጅም ሰዓት ይቆያል። ድፍርሱን ኢንሱሊን ማታ በሚወጉ ሰዎችም ላይ ጉልበቱ የሚበረታው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ማለትም በእኩለ ሌሊትና ከዚያ በኋላ ነው። እራት ሳይበላ የተኛ፣ ቀን ከባድ ዕቃ ሲያነሳ የዋለ፣ ወይም አረቄ የቀማመሰ ሰው ሌሊት ሊወርድበት ይችላል። ጉበት አልኮሉን ሲያስተናግድ ስኳር ማውጣቱን ስለሚተው መጠጥ ያለው ሌሊት ከሁሉም ይከፋል።

ምልክቱ ልብስን የሚያርስ ላብ፣ መቃዠት፣ ልብ መምታት፣ ጠዋት ራስ ምታትና ድንዛዜ ነው። በየቤቱ ይህ ስንት ስም ተሰጥቶት አይቻለሁ፤ «ሌሊት ይጮኻል፣ ይታገላል» ተብሎ ጠበል የተወሰደ ሰው ነበር። ጠበሉን አልቃወምም፤ ከመውጣታችሁ በፊት ጣቱን ውጉና ለኩ ነው የምለው። ከ70 በታች ከሆነና መዋጥ ከቻልክ ሚስትህ ሞላ ያለ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣ ትስጥህ፤ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ስኳር የሌለው ዓይነት እንዳይሆን ብቻ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ይለካ፤ ካልወጣ ይደገም፤ ሲወጣ ዳቦ ቢጤ ጨምር። ማሽኑ ካልተገኘ ወይም ስትሪፕ ካለቀ ስኳሩን ሰጥቶ መጠርጠር ይሻላል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። ስኳሩን ከአልጋህ አጠገብ አስቀምጠው፤ በዚያ ሰዓት ጓዳ ገብቶ መፈለግ አይቻልም።

6. ማንኮራፋትህን ሚስትህን ጠይቃት

አንተ አታውቀውም። ማንኮራፋት ብቻውን ብዙ አይደለም፤ ድምፁ ድንገት ቆሞ፣ ጸጥ ብሎ፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ትንፋሽ እየሳበ የሚነሳው ነው የሚያሳስበው። በእንቅልፍ ውስጥ የአየር ቧንቧው እየተደፈነ ትንፋሽ ይቋረጣል። ኦክስጅን በወረደ ቁጥር አድሬናሊኑ ይነሳል፣ ሰውየው ሳያውቀው ይነቃል፤ በአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ። ጠዋት አፉ ደርቆ፣ ራሱን አሞት፣ ስብሰባ ላይ እያንቀላፋ፣ መሪ ይዞ እያሸለበ ይውላል። ዓይነት 2 ስኳር ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ይህም አለባቸው፤ ሆድና አንገት ከወፈረ፣ የደም ግፊቱም አልታዘዝ ካለ ጥርጣሬው ይበረታል።

ይህን የሚለየው የማደሪያ ምርመራ እንደ ሽንት ምርመራ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። እስከዚያው በጎን መተኛት፣ ማታ መጠጥ መተው፣ ክብደት መቀነስ ይረዳል። በአፍንጫ አየር የሚገፋው መሣሪያ ትንፋሹን ያስተካክላል፣ የቀኑን መፍዘዝ ያነሳል፤ ስኳርን በማውረድ በኩል ግን የጥናቶቹ ውጤት አንድ ዓይነት አልሆነም። ያም ሆኖ መሪ ላይ የሚያንቀላፋ ሹፌር የስኳሩን ቁጥር ሳይጠብቅ ሊታከም ይገባዋል።

7. የፈረቃህ ነገር

ዋናው ጉዳይህ ይህ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

መጀመሪያ ቁጥሮችህን በትክክል እናንብባቸው። በሌሊት ሳምንት «ጠዋት» ብለህ የጻፍከው ከፋብሪካ ወጥተህ ቤት ስትገባ የለካኸውን ነው። ያ በባዶ ሆድ አይደለም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከጓደኞችህ ጋር የምትጠጣው ሻይና ብስኩት በደብተርህ ላይ የለም፤ እኔ ደግሞ ሻይ እረፍት የሌለው ፋብሪካ አላውቅም። ከ190ው ላይ የተወሰነው የእሱ ነው፣ የተወሰነው የእንቅልፍ ማጣቱ፣ የተወሰነው ደግሞ ሰዓት የመዛባቱ ነው። ሰውነት ማታ ማታ ስኳርን የማስተናገድ አቅሙ ከቀን ያነሰ ነው፤ ያው ዳቦ ጠዋት ሲበላና እኩለ ሌሊት ሲበላ እኩል አይሆንም። ስለዚህ በሌሊት ሳምንት የምትለካው ዋናውን እንቅልፍህን ተኝተህ ስትነሳ ይሁን፤ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ ቢሆንም ያ ነው የአንተ «ጠዋት»። ያን ጊዜ የቀኑንና የሌሊቱን ሳምንት ማወዳደር ይቻላል።

ሁለተኛው አደገኛ ነው። ከፈረቃ ገብተህ ቁርስ ቀማምሰህ ግሊበንክላማይድህን ውጠህ እስከ 9 ሰዓት ትተኛለህ። ኪኒኑ ግን ምሳ ትበላለህ ብሎ እየሠራ ነው። በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ዘግተህ ተኝተህ ስኳር ቢወርድብህ ሁሉም ሥራ ሄዷል፤ ማን ያይሃል? ይህን ለሐኪምህ በግልጽ ንገረው፦ «በሌሊት ሳምንት የምተኛው ቀን ነው፤ ይህን ኪኒን ከየትኛው ምግብ ጋር ልውሰደው?» በለው። ሰዓቱን ወይም መድኃኒቱን ሊቀይርልህ ይችላል። በራስህ ግን አትቀይረው፣ አትዝለለውም።

ሌላው ቤትህ የምታደርገው ነው። ማታ 4 ሰዓት ከመግባትህ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሸለብ አድርግ። ዋና ምግብህን ከመግባትህ በፊት ብላ፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ከራበህ ቆሎ ወይም የተቀቀለ ሽምብራ ትንሽ፣ ውሃ ብዙ። ቆሎው በእፍኝ እንጂ በኪስ ሙሉ አይሁን፣ እሱም ስኳር ይሆናል። ስትወጣ በቀጥታ ወደ አልጋ፤ ቀበሌና ባንክ ከእንቅልፍ በኋላ ይደርሳሉ። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋርደው። ማለዳ ስልክ የሚደውልልህን ዘመድ፣ እኔን ጨምሮ፣ በሌሊት ሳምንት አትቀበለው።

የአሜሪካ ነርሶች ላይ ለዓመታት የተደረገ ሰፊ ክትትል አለ፤ ከ170 ሺህ በላይ ሴቶች ናቸው። ተለዋዋጭ የሌሊት ፈረቃ የሠሩበት ዓመት በበዛ ቁጥር በዓይነት 2 ስኳር የመያዛቸው ዕድል ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ከፊሉ በክብደት መጨመር በኩል የመጣ ነው። እኔም በሙያዬ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ያረጀሁ ስለሆንኩ ይህ ጥናት ለእኔ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከቻልክ የሐኪም ማስረጃ ይዘህ ቀን ፈረቃ ብቻ እንዲሰጡህ አለቃህን ጠይቅ። ካልሆነም ቶሎ ቶሎ ከመገለባበጥ አንድ ፈረቃ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ መቆየት ይቀል እንደሆን ሞክረውና በደብተርህ እየው። የጠየቀ ሁሉ አያገኝም፤ ሳይጠይቅ ያገኘ ግን አላየሁም።

8. ቡናና ጫት

ቡናን ለኢትዮጵያዊ ተው ማለት አይቻልም፤ አልልህምም። ካፌይን ከጠጣኸው ግማሽ ያህሉ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም በደምህ ውስጥ ስለሚገኝ የመጨረሻው ስኒ ከምትተኛበት ቢያንስ 6 ሰዓት ይቅደም። አመሻሽ ላይ እንግዳ ሆነህ ከተጠራህ አቦሉን ቅመስና ከቶናው በፊት ተነስ። ጫት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ሌሊት ነቅቶ ለማደር ብለው የሚቅሙ የፈረቃ ጓደኞች እንዳሉህ አውቃለሁ። እንቅልፉን ይወስዳል፣ ረሃብን ያጠፋና ኪኒን ውጠህ ሳትበላ ያሳድርሃል፣ ከእሱ ጋር የሚጠጣው ለስላሳና ጣፋጭ ሻይ ደግሞ በሌላ በኩል ስኳሩን ያንረዋል። መውረዱንም መናሩንም በአንድ ሌሊት ታያለህ።

9. እራትህን ከአልጋህ አርቀው

በየቤቱ እራት የሚቀርበው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ከዜናው በኋላ ነው፤ 4 ሰዓት ላይ መኝታ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ በስፔን 845 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ከመተኛት 1 ሰዓት በፊትና 4 ሰዓት በፊት ግሉኮስ ሲወስዱ ተነጻጸረ፤ ለመኝታ በቀረበው ጊዜ ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ ሆርሞን ከፍ ብሎ፣ የኢንሱሊን አወጣጥ ቀንሶ፣ ስኳሩ ከፍ ብሎ ተገኘ። በአንዳንድ ሰው ዘር ውስጥ ያለ ልዩነት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ቀን ፈረቃ ስትሆን እራትህን ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት አምጣው፣ ልጆቹም ከአንተ ጋር ይብሉ።

እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚመኘው ጎመን እንዳልሆነም እወቅ፤ ጣፋጭና ቅባት ነው። በቺካጎ 80 ወፈር ያሉና እንቅልፋቸው አጭር የሆነ ሰዎች ተከፍለው፣ ግማሾቹ እንቅልፋቸውን በየሌሊቱ በአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል እንዲያረዝሙ ሲረዱ፣ ማንም «ትንሽ ብሉ» ሳይላቸው የሚበሉት በቀን 270 ካሎሪ ያህል ቀነሰ። ስኳር ፈቃድህን ብቻ የሚፈትን መስሎህ ራስህን ስትወቅስ ይህን አስታውስ።

10. ብርሃኑን አጥፋው

እዚያው ቺካጎ፣ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ፣ 20 ጤነኛ ወጣቶች ነበሩ። የጣሪያ መብራት በርቶባቸው አንዲት ሌሊት ያደሩት ጠዋት ሰውነታቸው ለኢንሱሊን አልታዘዝ ብሎ ነበር፤ ልባቸውም ሌሊቱን በፍጥነት ሲመታ አድሯል። ቴሌቪዥን እየተናገረ የሚተኛ ቤት፣ ስልክ ደረቱ ላይ አድርጎ የሚያሸልብ ወጣት፣ ሁላችሁንም ነው የምለው።

11. ለቅሶ፣ ማኅሌትና ጾም

ሰው ሲሞት ማደር፣ በዓል ሲሆን ማኅሌት መቆም አለ። አትቅር፤ ግን የሚበላ ነገርና ስኳር በኪስህ ይኑር፣ ቀን ላይ እንቅልፉን ክፈለው፣ በዚያ ማግስት ከፍ ብሎ ያገኘኸውን ቁጥር በደብተርህ «ለቅሶ አደርኩ» ብለህ ጻፍበትና አትሸበርበት። በዐቢይ ጾምም፣ ለሙስሊም ጓደኞችህ በረመዳን ሱሁር ብሎ ሌሊት መነሳት ሲመጣም፣ የኪኒኑ ሰዓት አስቀድሞ ከሐኪም ጋር ይስተካከል፤ የሃይማኖት አባትን ማማከሩም ከዚያ ጋር ይሂድ።

12. የእንቅልፍ ኪኒን ከፋርማሲ አትግዛ

ጓደኛህ የሚሰጥህን ዲያዜፓምም አትዋጥ። ትንፋሹ የሚቋረጥበትን ሰው ያባብሰዋል፤ ስኳር የወረደበትን ሰው ደግሞ ላቡና ቅዠቱ እንዳይቀሰቅሰው ያፍነዋል። እንቅልፍ አልመጣ ያለው በሐሳብ ከሆነ እሱን ለሐኪም ተናገር፤ ስኳር ያለበት ሰው መጨነቁና መደበቱ የተለመደ ነው፣ ሕክምናም አለው።

13. ለቀጠሮህ

በደብተርህ ላይ ሁለት ዓምድ ጨምር፤ አንዱ የተኛህበትና የተነሳህበት ሰዓት፣ ሌላው ሌሊት ስንቴ እንደነቃህና ለምን። ለሁለት ሳምንት ብቻ፤ አንድ የቀን፣ አንድ የሌሊት ፈረቃ። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤ ዋን ሲ ምርመራ ከተሠራልህ ውጤቱን ከዳር ጻፈው፤ ለብዙ አዋቂ ከ7 በመቶ በታች እንዲሆን ይፈለጋል፣ ለአንተ ስንት እንደሚሻል ግን ሐኪምህ ይንገርህ። ክፍሉ ውስጥ የምታገኘው ጊዜ አጭር ስለሆነ ደብተሩን ገልጠህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና እነዚህን ጠይቅ፦ ጠዋት የሚንረው ከእራት ነው ወይስ ከንጋት? ቀን ስተኛ ግሊበንክላማይዱ አያሰጋኝም ወይ? ለፈረቃው የሚሆን የማስረጃ ወረቀት ትጽፍልኛለህ? ሦስተኛውን ሳይመልስልህ ከክፍሉ እንዳትወጣ።